የጉዞ ፎቶ መጠባበቂያ

መንገደኛ ያነሳቸውን ዲጂታል ፎቶዎች ከጉዞው ሳይመለስ በሌላ ዕቃ ወይም በክላውድ (በኢንተርኔት በሚደረስበት ማከማቻ) ላይ ደግሞ የማስቀመጥ ልማድ፤ በተለምዶ «ባክአፕ» ይባላል። ከአዲስ አበባው መገናኛ ሰፈር ተነስቶ ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ጉዞው አጭር ነው፤ ስልክ ለመጥፋት ግን ረጅም መንገድ አያስፈልግም፣ የታክሲ ግፊያው ይበቃዋል።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ 3-2-1 ይባላል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ በሌላ ስፍራ። ለእኛ አገር መንገደኛ የሚቀለው በኦቲጂ ማገናኛ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ፍላሽ ነው። ፍላሹ ከስልኩ ጋር በአንድ ቦርሳ ከተያዘ ግን ሌባው ሁለቱንም ይወስዳል።

ክላውድም ወሰን አለው። ጉግል ፎቶስ ያልተገደበ ነጻ ቦታ መስጠቱን ግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. አቁሟል። አሁን ነጻው 15 ጊጋባይት ሲሆን ኢሜይሉም የሚቆጠረው ከዚያው ነው። አንዱ 25 ሜጋባይት የሆነ የካሜራ ጥሬ ፎቶ 600 ሲደርስ ቦታው ያልቃል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ ክላውዱ ጭራሽ የማይደረስበት ሆኖ ነበር።

ብዙዎች ፎቶ የሚያስቀምጡት ቴሌግራም ላይ ነው። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። እንደ ፋይል የተላከው ብቻ እንዳለ ይቀመጣል።