የትምህርት ቤት ዓርማና የሰፋሪዎች ታሪክ

አንድ ትምህርት ቤት ስምና ዓርማ ሲመርጥ፥ ካገሩ ታሪክ ማንን ማክበር እንደሚገባ ለልጆቹ መንገሩ ነው። ስለዚህ ነገሩ እንደ ቀላል ጌጥ የሚታይ አይደለም።

በአሜሪካ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ኦክላሆማ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም፤ በ1944 ዓ. ም. ውል ገብቶ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የረዳን የዚያው አገር የእርሻ ኮሌጅ ነበርና። በ1881 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር የአሜሪካ መንግሥት፥ ክሪክና ሴሚኖል የተባሉት ነባር ሕዝቦች ተገደው የለቀቁትን ሁለት ሚሊዮን ኤከር የሚያህል መሬት ለሰፋሪ ከፈተ። በተወሰነው ቀን እኩለ ቀን ሳይሆን ድንበሩን ያለፈ ሰው መሬት እንዳያገኝ ሕጉ ይከለክል ነበር። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው በፈረስና በሠረገላ ሲሽቀዳደም፥ አንዳንዶቹ ግን አስቀድመው ሾልከው በመግባት ለሙን መሬት ይዘው ተገኙ። እነዚህም «ሱነር» ተባሉ፤ ይኸውም ቀድሞ የገባ ማለት ነው። ስድብ የነበረው ስም ውሎ አድሮ ክብር ሆነና በ1908 (እ. ኤ. አ.) የዩኒቨርሲቲው ቡድን መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ሁለት ነጫጭ ድንክ ፈረሶች የሰፋሪውን ሠረገላ እየሳቡ በኳስ ሜዳው ሲጋልቡ ተመልካቹ በእልልታ ይቀበላቸዋል። መሬቱን የለቀቁት ሰዎች ግን በዓርማው ላይ የሉም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1878 ዓ. ም. የአርሲ ሕዝብ ለአራት ዓመታት ያህል ከተዋጋ በኋላ በአዙሌ ድል ሆነ። ዘመቻውን የመሩት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። መሬቱ ለመኳንንቱ፥ ለዘማቹና ለቤተ ክህነት ሲከፋፈል ባላገሩ ገባር፥ በኋላም ጭሰኛ ሆነ። በአሰላ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በእኒሁ ራስ ስም ይጠራ ነበር። ኢተያ ዋና ከተማው በሆነው በሔጦሳ ወረዳ የሚገኘው አኖሌ ግን የአርሲ ሽማግሌዎች የእጅና የጡት ቈረጣ የተፈጸመበት ነው እያሉ የሚያወሱት ስፍራ ነው፤ በ2006 ዓ. ም. ሐውልት ቆሞበታል።

እንግዲህ ጭሰኝነት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. ዐዋጅ ከተሻረ ወዲህ፥ የዘማቹም የገባሩም የልጅ ልጆች ያንኑ መሬት እኩል ያርሳሉ፤ ልጆቻቸውም ባንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። ለአንደኛው መመኪያ፥ ለሁለተኛው ቍስል የሆነ ምልክት በደረታቸው ላይ ቢለጠፍ ትምህርቱ ከደጃፉ ይበላሻል። የጭላሎ ተራራ ወይም የኢተያ የስንዴ ዛላ ግን የሁሉም ነው።

ሆኖም ተራራ ማንንም ባያፈናቅል፥ ተራራ ታሪክ አይናገርም። ታሪኩን የሚናገረው መምህሩ ነው። ዓርማው ሁሉን የሚያስጠልል ይሁን፤ በክፍል ውስጥ ግን የዘመተውም የተዘመተበትም ታሪክ ሳይሸራረፍ ይነገር እንላለን።