ከርት ዋርነር ማነው? ከሱፐርማርኬት እስከ ሱፐር ቦውል

በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ኳሱን ይዞ ለማን እንደሚወረውር በሰከንዶች ውስጥ የሚወስነው ተጫዋች ነው። ጥሩ ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ብዙ አይጠበቅበትም። የሴንት ሉዊስ ራምስ ታሪክም ከዚሁ ይጀምራል።

🏈 ቡድኑ ምን ላይ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1998 ራምስ ካደረጋቸው 16 ጨዋታዎች ያሸነፈው 4ቱን ብቻ ነው። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ 9 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ከድሉ ሽንፈቱ ይበዛ ነበር። ለ1999 ትሬንት ግሪን የተባለ ኳርተርባክ አስፈረሙ፤ እሱም ነሐሴ ላይ በዝግጅት ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ ከዓመቱ ውጪ ሆነ። አሰልጣኙ ዲክ ቨርሚል ለጋዜጠኞች ሲናገር እንባው መጣ። የቀረው ተቀያሪው ነበር፦ ከርት ዋርነር፣ 28 ዓመቱ።

🏈 ከዚያ በፊትስ የት ነበር?

▪️ በ1994 የትኛውም ቡድን በድራፍት አልመረጠውም። ግሪን ቤይ ፓከርስ ሞክሮት አሰናበተው።
▪️ አዮዋ ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብቶ በሰዓት 5.50 ዶላር እየተከፈለው ሌሊት ዕቃ ይደረድር ነበር።
▪️ ቀጥሎ አዳራሽ ውስጥ፣ በጠባብ ሜዳ በሚካሄደው አሪና ፉትቦል ተጫወተ። እዚያ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ኳሱ ቶሎ ከእጅ መውጣት አለበት።
▪️ በ1998 አምስተርዳም ሄዶ በአውሮፓው ሊግ ተጫወተ።
▪️ በ1999 መጀመሪያ አዲሱ ክሊቭላንድ ብራውንስ በነፃ ሊወስደው ይችል ነበር፤ አልፎት ሄደ።

🏈 ከዚያስ?

ራምስ 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። ዋርነር 41 የታችዳውን ኳስ አቀብሎ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ጥር 30 ቀን 2000 ራምስ ቴነሲ ታይታንስን 23 ለ 16 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። የመጨረሻዋ ሰከንድ ስታልቅ የታይታንሱ ተጫዋች ከመስመሩ አንድ ያርድ ያህል ሲቀረው ተይዞ ወደቀ። ዋርነር በዕለቱ 414 ያርድ ወርውሮ የፍጻሜው ኮከብም ሆነ።

ተአምር ነው? ብቻውንስ አላደረገውም። በዚያው ዓመት ማርሻል ፎልክ ከኮልትስ መጥቷል፣ ቶሪ ሆልት በድራፍት ተመርጧል፣ አይዛክ ብሩስም ነበር። ቡድኑ ተለውጦ ነበር፤ ሰው ግን የሚያየው ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ ነው። ዋርነርም ቢሆን ስሙ አልታወቀም እንጂ ዝግጁ ነበር። በ2017 ወደ ፉትቦሉ የዝና አዳራሽ ገብቷል።