ሰው (በሕግ አነጋገር)

በዕለት ንግግር «ሰው» ማን እንደሆነ ጠያቂ የለውም፤ በሕግ ግን ቃሉ እንደ ጉዳዩ ይሰፋል፣ ይጠባል። የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1 ሰውን ከልደቱ እስከ ሞቱ የመብት ባለቤት ያደርገዋል። ወዲያው በአንቀጽ 2 ይህን ወሰን ያላላዋል፦ የተጸነሰ ልጅ፣ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ፣ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል። 48 ሰዓት የቆየ ሕፃን ለመኖር እንደሚችል ይገመታል፤ ተቃራኒ ማስረጃ አይሰማም። አባት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ከሞተ፣ ውርሱ ወዴት እንደሚሄድ በእነዚህ ሁለት ቀናት ሊወሰን ይችላል።

የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅትም ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 34 መሠረት ይቀጣልም፤ የመንግሥት አስተዳደር አካላት ብቻ ይቀራሉ። ድርጅት ወህኒ ስለማይወርድ መቀጮ ይከፍላል፤ ሊታገድ ወይም ሊዘጋም ይችላል።

በሶማሊ ክልል ፋፈን ዞን፣ የቱሊ ጉሌድ ወረዳን ጨምሮ፣ የሶማሊ ባህላዊ ሕግ የሆነው ሔር ለተጠያቂው «ሰው» ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ገዳዩ አንድ ቢሆንም የደም ካሳውን (መግ) የሚከፍለው ጎሳው በጋራ ነው። በልማዱ የወንድ ደም 100 ግመል፣ የሴት ደግሞ ግማሹ ነው፤ ይህ ከሕገ መንግሥቱ የእኩልነት ድንጋጌ ጋር በግልጽ ይጋጫል። ሕገ መንግሥቱ ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ዳኝነት በር የከፈተው፣ በተከራካሪዎች ፈቃድ፣ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳዮች ነው። ስለዚህ ግመሉ ተነድቶ እርቅ ቢወርድም ዓቃቤ ሕግ ገዳዩን ለብቻው ሊከሰው ይችላል።