ተቋማት እንዴት ይማራሉ? ለምንስ የተማሩትን ይረሳሉ?

አንድ ተቋም ሕንፃ፣ መሣሪያና በጀት ስለተሟላለት ብቻ ሥራውን በብቃት ይወጣል ማለት አይደለም፡፡ ተመሳሳይ መሣሪያና ተቀራራቢ የሰው ኃይል ያላቸው ሁለት ፋብሪካዎች ወይም ሁለት ሆስፒታሎች በውጤት እጅግ ተራርቀው የሚገኙበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ምሁራንን ለረጅም ዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል፡፡

የተቋማትን አሠራር፣ የመማር አቅምና የአፈጻጸም መሻሻል የሚመረምረው የጥናት ዘርፍ ከኢኮኖሚክስ፣ ከሥነ ልቦና፣ ከሶሲዮሎጂና ከምህንድስና የተውጣጡ ተመራማሪዎች የሚሳተፉበት ነው፡፡ ዘርፉ ከደረሰባቸው ግኝቶች መካከል ጎልቶ የሚታየው፣ ተቋማት የሚሻሻሉት ስህተት በወቅቱ እንዲነገርና እንዲታረም የሚያስችል አሠራር ሲኖራቸው መሆኑ ነው፡፡

የጥናቱ አጀማመር

በመስኩ ቀደምት ከሚባሉት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ ከ1924 እስከ 1932 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ አቅራቢያ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሆውቶርን ፋብሪካ የተካሄደው ነው፡፡ ጥናቱ የተጀመረው የመብራት ድምቀት በሠራተኞች ምርታማነት ላይ ያለውን ተፅዕኖ ለመለካት ቢሆንም፣ በመብራቱ መጠንና በምርቱ መካከል የተጠበቀው ቀጥተኛ ግንኙነት አልተገኘም፡፡

በኋላ ጥናቱን የተቀላቀሉት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ኤልተን ማዮና ባልደረቦቻቸው ለሠራተኞች የሚሰጠው ትኩረትና ሠራተኞቹ እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ለውጤቱ ወሳኝ መሆኑን አስረድተዋል፡፡ ከዚያ ወዲህ መረጃውን ዳግም የፈተሹ ተመራማሪዎች በድምዳሜው ላይ ጥያቄ ቢያነሱም፣ ጥናቱ የሰውን ባህርይ የተቋም ጥናት ዋነኛ ጉዳይ በማድረግ ረገድ ያበረከተው አስተዋፅኦ ከፍተኛ ነው፡፡

እ.ኤ.አ በ1936 ደግሞ አሜሪካዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ቴዎዶር ራይት የልምድን ጥቅም በቁጥር አሳይተዋል፡፡ በእርሳቸው ስሌት መሠረት የተመረቱ አውሮፕላኖች ጠቅላላ ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር አንዱን ለመሥራት የሚያስፈልገው የሰው ጉልበት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፡፡

ይሁን እንጂ ልምድ አንዴ ከተገኘ ለዘለዓለም አይቆይም፡፡ ሊንዳ አርጎቴና ባልደረቦቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ስለተሠሩት «ሊበርቲ» የተሰኙ የጭነት መርከቦች እ.ኤ.አ በ1990 ባወጡት ጥናት፣ የመርከብ ግንባታ ጣቢያዎች በሥራ ያካበቱት ዕውቀት በፍጥነት እንደሚመናመን አመልክተዋል፡፡ ዘግይተው ሥራ የጀመሩ ጣቢያዎች ከቀደሙት ተሞክሮ ተጠቃሚ ሆነው ቢነሱም፣ ሥራ ከጀመሩ በኋላ አንዱ ከሌላው የሚማረው እምብዛም እንዳልነበረ ጥናቱ ይጠቁማል፡፡

ጥፋትን ማረምና የጥፋትን ምንጭ መጠየቅ

እ.ኤ.አ በ1978 አሜሪካውያኑ ክሪስ አርጊሪስና ዶናልድ ሾን ስለተቋማት ትምህርት ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት የመማር ዓይነቶችን ለይተው አስቀምጠዋል፡፡ የመጀመሪያው ባለ አንድ ዙር ትምህርት ሲሆን፣ ተቋሙ ደንቡንና ዓላማውን ሳይነካ የተከሰተውን ጉድለት ብቻ የሚያርምበት ነው፡፡ ሁለተኛውና ባለ ሁለት ዙር የተባለው ደግሞ ጉድለቱን የፈጠረው ደንብና አስተሳሰብ ራሱ ትክክል ነው ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት ነው፡፡

ለአብነት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳዮች ወረፋ ቢረዝም መስኮት መጨመር ባለ አንድ ዙር መፍትሔ ነው፡፡ ባለጉዳዩ ያንን ማስረጃ ይዞ እንዲመጣ መጠየቁ ከመነሻው አስፈላጊ ነው ወይ ብሎ መመርመር ግን ሁለተኛው ዓይነት ነው፡፡ ይህኛው አዳጋች የሚሆነው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች እንዳያፍሩ ወይም እንዳይወቀሱ በመስጋት ራሳቸውን ወደ መከላከል ስለሚያዘነብሉ መሆኑን አርጊሪስ በተለያዩ ጽሑፎቻቸው አብራርተዋል፡፡

በዚህ ረገድ የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ በ1996 ያሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አስገኝቷል፡፡ በሁለት ሆስፒታሎች የሚገኙ 8 የሕሙማን ክፍሎችን ያካተተው ይኸው ጥናት፣ በመልካም አመራርና በባልደረባነት የተሻሉት ክፍሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ይቀንስላቸዋል ከሚል ግምት የተነሳ ነበር፡፡ የተገኘው ግን የተሻሉት ክፍሎች ብዙ ስህተት ማስመዝገባቸው ነው፡፡ ተመራማሪዋ ጉዳዩን በጥልቀት ሲመረምሩ፣ በእነዚህ ክፍሎች ነርሶች ስህተትን ለመናገር እንደማይፈሩና በሌሎቹ ግን ስህተቱ ይደበቅ እንደነበር የሚያመለክት መረጃ አግኝተዋል፡፡

ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ በ1999 በአንድ የማምረቻ ኩባንያ ውስጥ በሚገኙ 51 የሥራ ቡድኖች ላይ ያካሄዱትን ጥናት አሳትመዋል፡፡ ጥናቱ አባላቱ ጥያቄ በማንሳታቸው ወይም ጥፋታቸውን በማመናቸው እንደማይዋረዱ የሚተማመኑበት ቡድን የበለጠ እንደሚማርና የመማሩ ውጤትም በአፈጻጸሙ ላይ እንደሚታይ አረጋግጧል፡፡

የዝምታ ዋጋ

ማስጠንቀቂያን አለመስማት የሚያስከትለው ጉዳት በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ ሁለት አደጋዎች ታይቷል፡፡ «ቻሌንጀር» የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ ጥር 28 ቀን 1986 ከተተኮሰች ከ73 ሰከንድ በኋላ ስትሰባበር 7 ተጓዦች ሕይወታቸውን አጥተዋል፡፡ የአስወንጫፊው ሮኬት አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የጎማ ማሸጊያውን ሊያበላሸው ስለሚችል በረራው እንዲዘገይ በዋዜማው ቢያሳስቡም፣ ውሳኔው በኃላፊዎች ተሽሮ ነበር፡፡

የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ዳያን ቮን እ.ኤ.አ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በቀደሙት በረራዎች የታዩ ጉዳቶች አደጋ ሳያስከትሉ በማለፋቸው ቀስ በቀስ እንደ ጤናማ ነገር መታየት መጀመራቸውን አስረድተዋል፡፡

ከ17 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ የካቲት 1 ቀን 2003፣ «ኮሎምቢያ» የተሰኘችው መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ሌሎች 7 ሰዎች ሞቱ፡፡ በመነሻዋ ወቅት ተገንጥሎ የወደቀ የፎም ቁራጭ ግራ ክንፏን መትቷት የነበረ ሲሆን፣ ጉዳቱ በፎቶግራፍ እንዲጣራ መሐንዲሶች ያቀረቡት ጥያቄ ተግባራዊ አልሆነም፡፡ መርማሪው ቦርድም ለአደጋው የተቋሙ ባህል ከፎሙ ያልተናነሰ ድርሻ እንደነበረው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ባወጣው ሪፖርት ገልጿል፡፡

ከፋብሪካዎች የተገኘ ተሞክሮ

በአንጻሩ አሠራርን በመለወጥ ውጤት ማምጣት እንደሚቻል የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ፡፡ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ በ1982 የዘጋው በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የሚገኝ የመኪና ፋብሪካ፣ ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር በተመሠረተ ሽርክና በ1984 ዳግም ሥራ ጀምሯል፡፡ አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ቢሆኑም፣ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ እርዳታ የሚጠራበትና አስፈላጊ ሲሆን የምርት መስመሩ የሚቆምበት አሠራር ተዘረጋ፡፡ የምርቱ ጥራትም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተሻሻለ፡፡ ሽርክናው እ.ኤ.አ በ2010 ቢያበቃም፣ የተገኘው ትምህርት ወደ ሌሎቹ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ለመዳረስ ረጅም ዓመታት መውሰዱ በዘርፉ ምሁራን ዘንድ ይወሳል፡፡

ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በሕንድ ሙምባይ አቅራቢያ በሚገኙ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች በዕጣ ለተመረጡት ነፃ የሥራ አመራር ምክር እንዲሰጥ ተደርጓል፡፡ የጉድለት ምዝገባን፣ የማሽን ጥገናንና የመጋዘን አያያዝን የሚመለከተውን ምክር ያገኙት ፋብሪካዎች ምርታማነት በመጀመሪያው ዓመት በ17 በመቶ አድጓል፡፡

ካይዘን በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያም ከጃፓን የመነጨውንና ያልተቋረጠ መሻሻል ማለት የሆነውን የካይዘን ፍልስፍና በተግባር ሞክራለች፡፡ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ እ.ኤ.አ በ2009 የተጀመረው የሙከራ ፕሮጀክት በብረታ ብረት፣ በጨርቃጨርቅ፣ በቆዳ፣ በኬሚካልና በግብርና ምርቶች ማቀነባበር የተሰማሩ 30 ድርጅቶችን ያቀፈ ነበር፡፡ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ በ2011 ተቋቁሟል፡፡

በሥልጠናዎቹ አምስቱ «ማ»ዎች በመባል የሚታወቁት ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጥቂት ቀናት ዘመቻ ሊከናወኑ ይችላሉ፡፡ የመርከብ ግንባታ ጣቢያዎቹ ጥናት እንደሚያስታውሰው ግን ያልተንከባከቡት ዕውቀት ይመናመናልና ፈተናው ያለው በመጨረሻው «ማ»፣ በማዝለቅ ላይ ነው፡፡

ይህም የሚወሰነው በማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ያየውን ጉድለት ለአለቃው ሲናገር በሚያገኘው ምላሽ ነው፡፡ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል ለሰው እንደሚሠራ ሁሉ ለተቋማትም የሚሠራ መሆኑን የመስኩ ጥናቶች ያረጋግጣሉ፡፡