በቮልስዋገን ሞተር ላይ የካርቡሬተር ጄት አመራረጥና ማስተካከያ

ጄት መሃሉ በልክ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን ሲሆን፣ ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ የሚያልፈውን የቤንዚን መጠን የሚወስነው የዚህ ቀዳዳ ስፋት ነው። በኢትዮጵያ ቮልስ በሚባለው የቀድሞው ቮልስዋገን ላይ የሚገጠሙት ካርቡሬተሮች በአመዛኙ የሶሌክስ ሥሪት በመሆናቸው፣ በጄቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ያመለክታል፤ 130 የሚል ጄት ቀዳዳው 1.30 ሚሊሜትር ነው። ዋናው ጄት መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ፣ የሚኒሞ ጄት ደግሞ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቤንዚን ያቀርባሉ፤ የአየር ጄት በአንጻሩ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን አየር ስለሚመጥን፣ ሲሰፋ በከፍተኛ ፍጥነት የቤንዚኑን ድርሻ ይቀንሳል።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በባሕር ጠለል ላይ ለዚህ ልክ የተመረጠ ጄት ግን 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አይስማማም፤ የአየሩ እፍጋት ከአንድ አምስተኛ በላይ ሲቀንስ በጄቱ የሚሳበው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ በድብልቁ ውስጥ የቤንዚኑ ድርሻ ከአንድ ዐሥረኛ በላይ ይጨምራል። የሚያልፈው ቤንዚን ከቀዳዳው ስፋት ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ትርፉን ለማስወገድ ቁጥሩን ከመቶ ስድስት ያህል ዝቅ ማድረግ፣ ማለትም 130ን በ122.5 መተካት፣ በቂ መነሻ ነው። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ልኩን ያበላሻል፤ የተደፈነ ጄት የሚጸዳው በአየር ግፊት ነው።

ጄት ከመለወጡ በፊት በቀዝቃዛ ሞተር የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር መሆኑና የእሳቱ ጊዜ መስተካከሉ ይረጋገጣል፤ የካርቡሬተር ጥፋት ተብሎ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ይመነጫልና። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በ1600 ሞተር ላይ በተገጠመው 34 ፒክት-3 ካርቡሬተር፣ ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቁ የአየር ብሎን እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት የነዳጅ መስጫውን ክንድ በሚደግፈው ብሎን አይደለም።

የምርጫው ውጤት በካንዴላው ይነበባል፦ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን ብዛትን፣ ንጣት የቤንዚን ማነስን፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ደግሞ ተስማሚ ድብልቅን ያሳያል። ንጣቱ ከጥላሸቱ ይልቅ ያሰጋል፤ በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ከልክ በላይ ይግላልና፣ ለደጋ የተመረጠ ጄት የተገጠመለት መኪና ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ አፋር ቆላ ከመውረዱ በፊት የቀድሞው ጄት ይመለስለታል።