ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ያቺን ሌሊት መቼም የረሳት የለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በሒሳባቸው የሌለ ብር ለጠየቁት ሁሉ ይሰጥ ጀመር። ወሬው በስልክ መልእክት ከግቢ ግቢ ተዛመተ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከዶርም እየወጣ ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ያላግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። አብዛኛው ተመልሷል። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ደግሞ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ።

የሰው ገንዘብ መውሰድ ትክክል አይደለም፤ በዚህ አንከራከርም። እኛን የሚከነክነን ሌላ ነው። ባንኩ ራሱ «የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው» ብሏል። ሌባ በሩን ካልሰበረው፣ ታዲያ በሩ እንዴት ተከፈተ?

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዊ ዞን አዘና ያለ ሰው እንጅባራ ለምትማር እህቱ በስልኩ 500 ብር ላከ እንበል። ላኪው የሚያየው አንድ ሰሌዳ ነው። ከጀርባ ግን አንዱ ፕሮግራም ማንነቱን ያጣራል፣ ሌላው ቀሪ ሒሳቡን ያያል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ ሌላው ለእህት መልእክት ይልካል። ሁሉም በኔትወርክ እየተጠራሩ ይሠራሉ። አንዱ «እሺ፣ ብር አለው» ካለ ቀጣዩ ያምነዋል። ችግሩ የሚወለደውም እዚህ እምነት ላይ ነው።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በወቅቱ ግምት 6 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮች ተጠቁ። ፕሮግራሙ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ በጣም ያሳዝናል። ኮምፒውተሮቹ «ይሄኛውን አውቀዋለሁ፣ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም» ተባብለው ነበር። አንዱ ሲያዝ ወዳጆቹም አብረው ተያዙ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያው ነገር በአዲስ ልብስ መጣ። ኮንሱል የሚባል ሶፍትዌር አለ። ሥራው የአንድ ድርጅት ፕሮግራሞች እርስ በርስ እንዲገናኙ መርዳትና ጤንነታቸውን መከታተል ነው። ለዚህ የጤና ምርመራ ትንንሽ ትእዛዞችን እንዲያስኬድ ማድረግ ይቻላል። መግቢያው ያለ ጥበቃ ክፍት ከተተወ ግን ከውጭ የመጣ ሰውም የራሱን ትእዛዝ ሊያስኬድበት ይችላል። ሰሪው ሃሺኮርፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ በይፋ ተናግሮ፣ እንዴት እንደሚዘጋም አስረዳ። ንግድ ባንክ ይህን ሶፍትዌር ይጠቀማል እያልን አይደለም። እያልን ያለነው የውስጥ እምነት የቆየ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ይታወቃል ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከውስጥ ለመጣ ጥያቄም «ማን ነህ? ማን ፈቀደልህ?» ይበል፤ ማሻሻያም ሕዝብ ላይ ከመለቀቁ በፊት ለብቻው ይሞከር።

ወደ ሞሪስ እንመለስ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት የ3 ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት ወሰነበት። አሜሪካኖቹ ግን በልጁ ብቻ አላበቁም። በዚያው ኅዳር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚደርስ ማእከል አቋቋሙ። ቀዳዳዎቹን የተነተኑ ጽሑፎችም ለሕዝብ ወጡ። ሌላው ባለ ኮምፒውተር አንብቦ የራሱን ደጅ ዘጋ።

እኛ ጋ ባንክ ደጃፍ ተለጥፎ ያየነው የሰዎቹን ፎቶ ነው። የቀዳዳው «ፎቶ» ግን ከጎኑ አልነበረም። የቱ ማሻሻያ፣ የቱ ፍተሻ ተዘልሎ፣ ማን ፈርሞ? ይህ የባንኩ የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብሩ የአስቀማጩ ነው፤ ሌላው ባንክም ነገ ሲስተሙን ያሻሽላል። ብር የወሰደውን በስሙ የጠራ ባንክ፣ ቀዳዳውንም በስሙ ቢጠራው ምናለበት?