ጭስ የሌለው ከሰል

የዛሬዋ ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ቡና ይዛችሁ አንብቧት። ስለ ከሰል ናት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የውጫሌን ውል እያስተማርኩ ነበር። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጣልያን መጀመሪያ አሰብ ምን ልትሠራ መጣች?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ሩባቲኖ የሚባል የጣልያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት የገዛው ለመርከቦቹ ከሰል ማከማቻ እንዲሆነው ነው አልኩት። በ1882 መሬቱ ወደ ጣልያን መንግሥት ዞረ፣ በ1885 ምጽዋ ተያዘች፣ ከዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ ውሉ ተፈረመ፣ አንቀጽ 17 መጣ፣ ዓድዋ መጣ። ልጁ ግን ዓድዋ አልደረሰም። «መርከብ በከሰል? እናቴ ቡና በምታፈላበት?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልጁ እኮ ብዙም አልተሳሳተም። አማርኛችን ከዛፍ ለሚከስለውም ከመሬት ለሚቆፈረውም አንድ ስም ነው የሰጠው፤ ለመለየት ስንፈልግ ብቻ «የድንጋይ» እንጨምርበታለን። የሚገርመው አሜሪካኖችም ፔንሲልቫኒያ ያገኙትን ጠንካራ ዓይነት መጀመሪያ «የድንጋይ ከሰል» ነበር የሚሉት። ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ድንጋይም አልነድ ብሏቸው ነበር።

የድንጋይ ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። በተቀበረበት ዘመን፣ ሙቀትና ጫና ደረጃ ይወጣለታል። ታናሹ ሊግናይት ነው፤ መሀል ላይ ያሉትን ሁሉ ሳልዘረዝር፣ ቢቱሚነስ ይከተላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንትራሳይት አለ። ቢቱሚነስ ለስላሳ ነው። ውስጡ ብዙ ጋዝና ሬንጅ መሳይ ነገር ስላለ ቶሎ ይያያዛል፣ በረጅም ቢጫ ነበልባል ይነዳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጥላሸቱ የጭስ ማውጫውን ይደፍነዋል። አንትራሳይት ከ86 በመቶ በላይ ካርቦን ነው። ያብረቀርቃል፣ እጅ ብዙም አያጠቁርም። ለማያያዝ ያስለቅሳል፤ አንዴ ከያዘ ግን በአጭር ሰማያዊ ነበልባል፣ ያለ ጭስ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል።

ምድጃቸውም ለየቅል ነው። ለቢቱሚነስ አየር ከላይም መግባት አለበት፤ አለዚያ ጋዙ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። አንትራሳይት ደግሞ አየሩን ከሥሩ ነው የሚፈልግ፤ ከላይ ሲነካኩት ይጠፋል። ዊልክስ ባሬ በምትባል የፔንሲልቫኒያ ከተማ መጠጥ ቤት የነበረው ዳኛ ጄሲ ፌል ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1808 በብረት ፍርግርግ ላይ አንድዶት፣ ያለ ወናፍ እንደሚነድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ኒውዮርክና ፊላደልፊያ ቤታቸውን በአንትራሳይት ማሞቅ ለመዱ። ልማዱ የት እንደደረሰ ለማወቅ፣ በ1902 የአንትራሳይት ቆፋሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ክረምቱ ሳይገባ ለማስታረቅ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሱ መሀል ገብቷል። ለንደን ግን በለስላሳው ቀጠለች። በዲሴምበር 1952 ከየቤቱ ምድጃ የወጣው ጭስ ከጉሙ ጋር ተጋግሮ ከተማዋን ለአምስት ቀን አፈናት። ያኔ 4 ሺህ ያህል ሰው ሞተ ተባለ፤ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12 ሺህ ያደርሱታል። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አወጡ።

የእኛስ? ከመርሳ በውርጌሳ አድርጋችሁ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። የከሰል ማከማቻ ያስጀመረው ታሪክ ያረፈባት ውጫሌ፣ አካባቢዋ ራሱ የድንጋይ ከሰል አለው። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም። የአገራችን ከሰል ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሀል የተቀበረ፣ በዕድሜው ልጅ የሆነ፣ አመዱ የበዛ ነው፤ አብዛኛው ከሊግናይት ብዙም አልራቀም። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሆናል። ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት ውስጥ ማንም አያነደውም፤ ወሎም አላነደደችውም።

እኛ ያነደድነው ሌላ ነው። የገበያውን ቋንቋ ታውቁታላችሁ፦ የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ያልቃል፤ የግራር ከሰል ይከብዳል፣ ይቆያል፣ ዋጋውም እንደዚያው። እናቶቻችን ማዳበሪያውን ነቅነቅ አድርገው በድምፁ ይለዩታል። በደንብ የከሰለ ግራር አይጨስም። አሁን ወደ አንትራሳይት ተመለሱልኝ፦ ጭስ የለውም፣ ይቆያል፣ ሰማያዊ ነበልባል አለው። ማንደጃችን ላይ የምናስቀምጠው የአንትራሳይት ዘመድ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የፔንሲልቫኒያው ምድጃ ቧንቧ አለው፣ የእኛ ማንደጃ የለውም።

ያ ሰማያዊ ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ነበልባሉ ሲጠፋና ፍሙ ብቻ ሲቀር ጋዙ አልቆመም፤ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። «ፍም ከሆነ አይጎዳም» የምንለው ነገር ስለዚህ ልክ አይደለም። ጭሱ ቢያንስ ያስለናል፣ ያስነሳናል።

እኔ ራሴ የዲፕሎማ ተማሪ ሆኜ ወልድያ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ኅዳር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ማንደጃውን ደጅ አቀጣጥለን፣ ሁሉም ቀይ ፍም እስኪሆን ጠብቀን ነው ያስገባነው። ምርጥ የግራር ከሰል ነበር። የበሩን ሥር ደግሞ በጨርቅ ደፍነናል፣ ብርድ እንዳይገባ። ሌሊት ስነቃ ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ እግሬ አይታዘዝም፣ ጓደኛዬን ብጠራው ያቃስታል እንጂ አይመልስም። አከራያችን እቴቴ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ማቃሰቱን ሰማች። በሩን በርግዳ፣ በብብታችን ይዛ እየጎተተች አወጣችን። «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ» ትላለች፣ እሷ ራሷ እየተንቀጠቀጠች። ወተት አጠጣችን። ያዳነን ግን የተከፈተው በር ነው።

እቴቴ ኋላ ላይ የነገረችኝ ነገር ከብዙ መጽሐፍ በላይ አስተምሮኛል። «እኛ ስናድግ ሌሊቱን እሳት አጠገብ ነበር የምንተኛ፣ ማንም ምንም አልሆነም» አለች። እውነቷን ነው። የሳር ቤቱ ጣሪያ ይተነፍስ ነበር፣ ግድግዳው ስንጥቅ ነበረው። አሁን ብሎኬት፣ ኮርኒስ፣ የብረት በር ሆነ። ቤቱ ተለወጠ፣ ማንደጃው ያው ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ መብራት ለወራት ሲጠፋ፣ ምጣድም ስቶቭም የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ከሰል ሲመለስ፣ በር ዘግቶ ነበር የሚቀመጠው። ብርዱን ብቻም አልነበረ የምንፈራው።

ይህን ሁሉ ለክፍሉ ነገርኳቸው፤ ከአንቀጽ 17 ጋር ምን እንዳገናኘው ዳይሬክተሩ ቢጠይቀኝ መልስ የለኝም። በማግስቱ ያ ልጅ መጣ። «ቲቸር፣ ትናንት ማታ ማንደጃውን አወጣሁት» አለኝ።

«ጎበዝ። እናትህስ?»

«ብርድ ነው ብላ መልሳ አስገባችው።»

«ታዲያ?»

«እሷ ስትተኛ ደግሜ አወጣሁት።»